ባለጉዳዩና የይለፍ ቃሉ፦ ርዝመት፣ ትውስታና ባለቤትነት

የንግድ ፈቃድ ለማደስ ጎሕ ሳይቀድ ወረፋ መያዝ፣ «ፋይሉ አልተገኘም» ተብሎ መመላለስ፣ ማኅተም የያዘው ኃላፊ ከስብሰባ እስኪወጣ በረንዳ ላይ መጠበቅ ለረጅም ዘመን የመንግሥት አገልግሎት መገለጫ ሆኖ ኖሯል። ይህ ገጽታ ባለፉት ጥቂት ዓመታት በመለወጥ ላይ ይገኛል። በ2012 ዓ.ም. የጸደቀው «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» ስትራቴጂ የመንግሥት አገልግሎቶች በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሰጡ አቅጣጫ አስቀምጧል። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር ክፍያን ወደ እጅ ስልክ አምጥቷል፤ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ለፋይዳ ሕጋዊ መሠረት ጥሏል፤ በ2017 ዓ.ም. የተከፈተው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎትም የተለያዩ ተቋማትን አገልግሎቶች በአንድ ጣሪያ ሥር ሰብስቧል። የንግድ ምዝገባ፣ የፓስፖርት ማመልከቻና ግብር ማስታወቅ ዛሬ በድረ ገጽ የሚስተናገዱ ጉዳዮች ሆነዋል።

ወረፋው ባጠረ መጠን ግን በበሩ ላይ አዲስ ዘበኛ ቆሟል። ባለጉዳዩ ማንነቱን የሚያስረዳው ቀርቦ በመታየት ወይም በመፈረም ሳይሆን ራሱ የመረጠውን የይለፍ ቃል በመጻፍ ነው። ዕድሜያቸው ገፋ ያሉ ዜጎች «ይለፍ» ሲባል ከአንድ አካባቢ ወደ ሌላው ለመንቀሳቀስ ይጠየቅ የነበረውን ወረቀት ያስታውሳሉ። ያ ወረቀት ከባለሥልጣን እጅ የሚገኝ ነበር፤ የዛሬውን ይለፍ ባለጉዳዩ ለራሱ ይሰጣል። ለውጡ ቀላል አይደለም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ መልእክት በኤሌክትሮኒክ መልክ በመቅረቡ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው ይደነግጋል። በአንድ ሰው የይለፍ ቃል ገብቶ ማመልከቻ ያስገባ፣ አድራሻ የለወጠ ወይም ክፍያ የፈጸመ ሌላ ሰው ቢኖር ሥርዓቱ የሚመዘግበው የባለአካውንቱን ስም ነው። «እኔ አይደለሁም» ብሎ ማስረዳት የሚቻል ቢሆንም፣ ማስረዳቱ ጊዜና ድካም ይጠይቃል፤ በዚያ መካከል የፈቃድ ማደሻው ቀን ሊያልፍ፣ ቅጣት ሊቆጠር ይችላል።

ስለዚህም የይለፍ ቃል ጉዳይ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ብቻ የሚነጋገሩበት መሆኑ ቀርቷል። ይሁንና ለዜጎች ሲሰጥ የቆየው ምክር ራሱ ችግር ነበረበት።

ሃያ ዓመት የተሠራበት ምክር

ብዙ ተገልጋዮች የሚያውቁት ትእዛዝ «ቢያንስ ስምንት ፊደል፣ አንድ ትልቅ ፊደል፣ አንድ ቁጥር፣ አንድ ልዩ ምልክት፣ በየሦስት ወሩ ይቀየር» የሚል ነው። የዚህ ትእዛዝ ዋነኛ ምንጭ እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ ብሔራዊ የስታንዳርድና ቴክኖሎጂ ተቋም ባልደረባ ቢል በር የተዘጋጀ መመሪያ ነው። መመሪያው በመላው ዓለም ተቀዳ፤ ባንኮች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሳይጠይቁ ተከተሉት። አዘጋጁ ጡረታ ከወጡ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2017 ለዎል ስትሪት ጆርናል ጋዜጣ በሰጡት ቃለ ምልልስ ካደረጉት ውስጥ አብዛኛው የሚጸጽታቸው መሆኑን ተናግረዋል። ተቋሙም በዚያው ዓመት ምክሩን ለወጠ። እ.ኤ.አ. በ2025 ያወጣው አዲስ እትም ደግሞ ከዚህ ገፍቶ ሄዷል፦ የይለፍ ቃል ብቻውን ጠባቂ ሆኖ ሲያገለግል ከ15 ፊደላት እንዳያንስ፣ ተጠቃሚው ትልቅና ትንሽ ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት እንዲያቀላቅል እንዳይገደድ፣ ጥቃት መድረሱን የሚያሳይ ምልክት ከሌለም በየጊዜው እንዲቀይር እንዳይታዘዝ ይላል።

ለለውጡ ምክንያት የሆነው የሰው ጠባይ ነው። ሰው ሲገደድ በአጭሩ መንገድ ይሄዳል። ስምንት ፊደልና ምልክት የተጠየቀ ተገልጋይ የራሱን ወይም የልጁን ስም ጽፎ የመጀመሪያውን ፊደል ትልቅ ያደርጋል፣ «አት» የተባለውን የኢሜይል ምልክት ያስከትላል፣ በ123 ይዘጋዋል። በሦስተኛው ወር ቀይር ሲባል 123ን ወደ 124 ያሻግራል። ሥርዓቱ «ጠንካራ» ብሎ አረንጓዴ መብራት ያሳየዋል፤ ሰብሮ ለመግባት የሚሞክር ሰው ግን በመጀመሪያ የሚፈትሸው ይህንኑ ልማድ ነው።

ሰባሪው በየድረ ገጹ ተቀምጦ አንድ በአንድ የሚሞክር የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አይደለም። በአግባቡ የተሠራ ሥርዓት የይለፍ ቃሉን እንዳለ አያስቀምጥም፤ ወደ ኋላ ሊመለስ በማይችል የሒሳብ ቀመር ለውጦ ውጤቱን ብቻ ይይዛል። ይህ መዝገብ ከተሰረቀ ሌባው በራሱ ኮምፒዩተር ላይ እየገመተ፣ ግምቱን በዚያው ቀመር እየለወጠ፣ ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራል። የሚከለክለው የለም፤ «ሦስት ጊዜ ተሳስተዋል» የሚለው ደጅ ጠባቂ እዚያ አይደርስም። በገበያ ላይ ያለ አንድ ኃይለኛ የግራፊክስ ካርድ በደካማ ቀመር የተቀመጡ የይለፍ ቃላትን በሰከንድ ከ100 ቢሊዮን ጊዜ በላይ መሞከር ይችላል። በዚህ ፍጥነት በትንንሽ የላቲን ፊደላት ብቻ የተጻፈ ባለ ስምንት ፊደል ቃል ያሉት አማራጮች በሙሉ፣ 209 ቢሊዮን የሚጠጉት፣ በሁለት ሰከንድ ገደማ ተሞክረው ያልቃሉ። ትልቅ ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት ተቀላቅሎበት በዘፈቀደ የተመረጠ ባለ ስምንት ፊደል ቃል እንኳ ከአንድ ቀን በታች ይፈጃል። በአንጻሩ ምንም ምልክትና ቁጥር የሌለበት፣ በትንንሽ ፊደላት ብቻ ግን በዘፈቀደ የተሠራ ባለ 16 ፊደል ቃል በዚሁ ፍጥነት ከ13 ሺህ ዓመታት በላይ ይጠይቃል። ምልክት የጨመረው ጥቂት ነው፤ ርዝመት የጨመረው ግን እጅግ ብዙ።

ሌባው ይህን ያህል መድከም የማያስፈልገውም ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 ሮክዩ የተባለ ኩባንያ መዝገብ ሲሰረቅ 32 ሚሊዮን ያህል የይለፍ ቃላት ያለ ምንም ሽፋን ወጡ። ከሁሉ በልጦ የተገኘው 123456 ሲሆን ከ290 ሺህ በላይ ሰዎች ተጠቅመውበታል። ያ ዝርዝር እስከ ዛሬ የሰባሪዎች መነሻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የወጡ ሌሎች ዝርዝሮችም ተደራርበውበታል። አንድ ሰው በአንድ የሙዚቃ ወይም የጨዋታ ድረ ገጽ የተጠቀመበትን ቃል ለኢሜይሉም ከተጠቀመበት፣ የዚያ ድረ ገጽ መሰረቅ የኢሜይሉ መሰረቅ ነው። ሌባው የሰረቀውን ስምና ቃል በየአገልግሎቱ በማሽን ይሞክራል፤ ከሺህ አንዱ ቢሰምርለት ይበቃዋል።

በሀገራችን የሚዘወተሩ ምርጫዎችም የራሳቸው መልክ አላቸው። የስልክ ቁጥር አንዱ ነው። አሥር አኃዝ መሆኑ የሚያኮራ ቢመስልም የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የታወቁ ናቸው፤ ቀሪዎቹም በንግድ ካርድ፣ በሱቅ ታፔላና በቴሌግራም ላይ የተለጠፉ ናቸው። ባለ 12 አኃዙ የፋይዳ ልዩ ቁጥርም እንዲሁ የማንነት መለያ ስለሆነ ለይለፍ ቃልነት አይበቃም። የትውልድ ዓመት ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። አራት አኃዝ ያለው የሚስጥር ቁጥር 10 ሺህ አማራጮች አሉት፤ ከ18 እስከ 80 ዓመት የሆናቸው ሰዎች የተወለዱባቸው ዓመታት ግን በኢትዮጵያም በፈረንጆችም አቆጣጠር ተደምረው ሰባ ገደማ ብቻ ናቸው። የዘመን አቆጣጠራችን ልዩነት ሌባውን ያሳስታል ብሎ መተማመን እንግዲህ አያዋጣም።

የልጅ ስም፣ የአባት ስም፣ የክርስትና ስም፣ የትውልድ መንደር ስምም ከዚሁ ይቆጠራሉ። የስም አጠራር ባህላችን የልጁን ስም ከአባቱ ጋር በግልጽ ያያይዛል፤ የልጁ ሙሉ ስም የአባቱን ስም ይገልጣል። ለፈረንጅ ምስጢር የሚሆነው ለጎረቤት ምስጢር አይሆንም፤ በተጨባጭ የሚያጋጥመው ጥቃትም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ባለቤቱን ከሚያውቅ ሰው ነው።

የማይረሳ ረጅም ቃል

ረጅም ነገር ማስታወስ ይከብዳል የሚለው ስጋት ተገቢ ነው። መፍትሔውም የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 አርኖልድ ራይንሆልድ የተባሉ አሜሪካዊ «ዳይስዌር» የተሰኘ ዘዴ አቀረቡ። 7,776 ቃላት በቁጥር ይደረደራሉ፤ ተጠቃሚው ዳይ እየወረወረ በወጣለት ቁጥር ቃል ይመርጣል። አምስት ቃላት ከወጡ አማራጮቹ ከ28 ቢሊዮን ቢሊዮን ይበልጣሉ፤ ቀደም ሲል በተጠቀሰው ፍጥነት ሁሉንም ለመሞከር ዘጠኝ ዓመት ያስፈልጋል። አንድ ቃል ሲጨመር ወደ 70 ሺህ ዓመት ይዘላል። ይህም ቀመሩ ደካማ ሲሆን ነው፤ ጥሩ ቀመር ባለበት ጊዜው ከዚህ እጅግ ይረዝማል።

የአማርኛ ተናጋሪ ተገልጋይ ዳይም ሆነ የእንግሊዝኛ ዝርዝር ግድ አያስፈልገውም። ወፍራም መዝገበ ቃላት ዓይን ጨፍኖ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ መግለጥና ጣት ያረፈበትን ቃል መውሰድ ይበቃል። «ሹራብ፣ ሰነፍ፣ ድልድይ፣ ምጣድ፣ ጎርፍ» ወጡ እንበል። ቃላቱ ዝምድና የላቸውም፤ ጥንካሬያቸውም እዚያው ላይ ነው። የማስታወሱን ሥራ የሚሠራው ደግሞ ምናብ ነው፦ ሹራብ የለበሰ ሰነፍ ሰው ድልድይ ላይ ቆሞ ምጣዱን ጎርፍ ሲወስድበት ይታያል። ይህን ሥዕል አንድ ጊዜ ያየ ሰው በማግሥቱ አይረሳውም። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ከሃያ በላይ ሆሄያት ይወጣዋል። ምሳሌው እዚህ ከተጻፈ በኋላ ግን ለማንም እንደማያገለግል ልብ ይሏል።

አስፈላጊው ነጥብ ቃላቱን ዕድል መምረጡ ነው። ሰው ራሱ ሲመርጥ «ፍቅር»፣ «እናት»፣ «ሰላም»፣ የሚደግፈውን የእግር ኳስ ቡድን፣ ወይም በቃሉ የሚያውቀውን ተረትና ምሳሌ ያመጣል። የታወቀ ምሳሌያዊ አነጋገር ረጅም ቢሆንም ለሰባሪው አንድ ቃል ያህል ነው፤ ሁሉም የሚያውቀው ስለሆነ በዝርዝር ይገባል። የመዝሙር ስንኝ፣ የጸሎት መጀመሪያና የዘፈን አዝማችም እንዲሁ። «በአማርኛ ስለሆነ ማን ያውቀዋል» የሚለው መጽናኛ የሚሠራው ኢትዮጵያዊ ሰባሪ የለም ብሎ ለሚያምን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ቋንቋው የሚያመጣው አንድ ተግባራዊ ችግር አለ። የይለፍ ቃልን በግእዝ ፊደል መጻፍ የሚፈቅዱ ሥርዓቶች ቢኖሩም፣ ኮምፒዩተር በድምፅ የሚመሳሰሉትን ፊደላት አንድ አድርጎ አያይም። ሀ፣ ሐ እና ኀ ለእርሱ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። «ፀሐይ» ብሎ ያስመዘገበ ሰው ከወር በኋላ «ጸሀይ» ብሎ ቢጽፍ በሩ አይከፈትለትም። በተጨማሪም አማርኛ መጻፊያ ያልተጫነበት ኮምፒዩተር ላይ የተቀመጠ ሰው ከነጭራሹ ሊጽፈው አይችልም። በላቲን ፊደል መጻፉ ከዚህ ያድናል፤ ሆኖም ላቲኑም የራሱ ጣጣ አለው። «ቀ» በ«ኬ» ይጻፋል ወይስ በ«ኪዩ»? «ጨ» ስንት ፊደል ይወስዳል? ሳድሱ «አይ» ይጨመርለታል ወይስ ይዘለላል? መልሱ የትኛውም ሊሆን ይችላል፤ ግን አንዴ የተወሰነው መጽናት ይኖርበታል። ባለጉዳዩ ቃላቱን በመጀመሪያው ቀን በወረቀት ላይ ደጋግሞ ቢጽፍና የሚያመነታበት ፊደል ያለውን ቃል አውጥቶ በሌላ ዕጣ ቢተካ የኋላ ጭንቀቱ ይቀንሳል።

አንዳንድ የአገልግሎት ሥርዓቶች አሁንም ቁጥርና ምልክት ይጠይቃሉ፤ በቃላቱ መካከል አንድ ቁጥርና አንድ ነጥብ ማግባት ጥያቄውን ያሟላል። ከ12 ፊደል በላይ የማይቀበሉ፣ ወይም በየ90 ቀኑ ለውጥ የሚያስገድዱም አሉ። በዚህ ረገድ ጉድለቱ የተገልጋዩ አይደለም። የመንግሥት ተቋማትም ሆኑ የግል ድርጅቶች ሥርዓቶቻቸውን በአዲሱ ዕውቀት መሠረት ማስተካከል ይጠበቅባቸዋል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የዜጎችን መረጃ የሚይዙ አካላት ተገቢውን የደኅንነት እርምጃ እንዲወስዱ ግዴታ ጥሎባቸዋልና።

የሞባይል ገንዘብና የባንክ መተግበሪያዎች የሚስጥር ቁጥር በሌላ ሚዛን ይታያል። ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር ያለው አማራጭ አንድ ሚሊዮን ብቻ ነው፤ የሚጠብቀውም ርዝመቱ ሳይሆን ከጥቂት ስሕተት በኋላ አገልግሎቱ መዘጋቱ ነው። ስለዚህ በእነዚህ ጥቂት ሙከራዎች የማይገመት መሆን አለበት፤ የልደት ቀን፣ ተከታታይ ቁጥርና ተደጋጋሚ ቁጥር መጀመሪያ የሚሞከሩት ናቸው። በታክሲ ወይም በሱቅ መደርደሪያ ፊት ሲነካ የሚያይ ዓይን መኖሩም አይዘነጋ።

የይለፍ ቃሉ በማን እጅ ነው?

ከቴክኒኩ ይልቅ አሳሳቢ የሚሆነው የሚከተለው ነው። ስማርት ስልክ የሌለው፣ ወይም ቅጹ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ያልደፈረ ባለጉዳይ ወደ ኢንተርኔት ቤት ወይም ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ይሄዳል። እዚያ ያለው ወጣት ጥቂት ብር ተቀብሎ ኢሜይል ይከፍትለታል፣ የይለፍ ቃል ያወጣለታል፣ ማመልከቻውን ይሞላለታል። ብዙውን ጊዜ በቅንነት ነው። ነገር ግን ኢሜይሉ የተመዘገበው በወጣቱ ስልክ ቁጥር ነው፤ የይለፍ ቃሉ ለደንበኞች ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ የተጻፈውም በቤቱ ደብተር ላይ ነው። ባለጉዳዩ ደረሰኝና የታተመ ወረቀት ይዞ ይወጣል፤ ቁልፉ ግን እዚያው ይቀራል።

ከዓመት በኋላ ፈቃዱን ለማደስ የተመለሰ ነጋዴ ቤቱ ተዘግቶ፣ ወጣቱም ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ ያገኘዋል እንበል። አካውንቱ በስሙ ነው፤ ሊገባበት ግን አይችልም። አዲስ አካውንት ልክፈት ቢል ሥርዓቱ «ይህ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ቀድሞ ተመዝግቧል» ሊለው ይችላል። ማንም ሳይሰርቀው ከገዛ ጉዳዩ ውጭ ቆሟል። ስድስት ዕጣ ቃላት ያሉት የይለፍ ቃል እንኳ ከዚህ አያድነውም፤ ቃሉን ያወጣው ሌላ ሰው ነውና።

የእርዳታ አስፈላጊነት የሚካድ አይደለም። ማንበብ የማይችሉ፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ስልክ መንካት የሚፈሩ ዜጎች አሉ፤ የመንግሥት አገልግሎት የእነርሱም ነው። ልዩነቱ ቅጹን በማስሞላትና ቁልፉን በማስረከብ መካከል ነው። ባለጉዳዩ የራሱን ስልክ ቁጥር ማስመዝገብ፣ የይለፍ ቃሉን የሚጽፍበት ቦታ ሲደርስ የመጻፊያ ሰሌዳውን ተቀብሎ ራሱ መጻፍ፣ ሲጨርስም አሳሹ «ይቀመጥ?» ብሎ ሲጠይቅ እምቢ ማለትና ከአካውንቱ ወጥቶ መነሣት ይችላል። መጻፍ ለማይችል ሰው ይህን የሚያደርግለት የሚታመን የቤተሰብ አባል እንጂ የኢንተርኔት ቤቱ ሠራተኛ ባይሆን ይመረጣል። ያኔም የተመዘገበው ስልክ የእናት ከሆነ ቁልፉ የእናት ነው፤ ልጁ ቢሄድ እንኳ ይቀራል።

ጽፎ ማስቀመጥስ? ለዓመታት «በፍጹም አይጻፍ» ሲባል ቆይቷል። ይህም ምክር ሊለዝብ ይገባዋል። የይለፍ ቃል የሚሰርቀው አብዛኛው ሰው ሩቅ የተቀመጠ ነው፤ ከሳጥን ውስጥ ወረቀት ሊያወጣ አይችልም። የቤት ካርታና የልጆች የልደት የምስክር ወረቀት ከሚቀመጡበት ስፍራ አብሮ የታጠፈ ወረቀት፣ በሁሉም ቦታ ከሚደጋገም ደካማ ቃል እጅግ ይሻላል። ከስልክ ሽፋን ሥር የተሸጎጠ ወይም ከባንክ ካርድ ጀርባ የተጻፈ ከሆነ ግን ቁልፉን በበሩ ላይ እንደመተው ነው። ለራስ በቴሌግራም መላክም አካውንቱ ሲሰበር አብሮ ይሄዳል። ብዙ አካውንት ያለው ሰው የይለፍ ቃላትን ቆልፎ የሚይዝ መተግበሪያ ቢጠቀም ማስታወስ የሚኖርበት አንዱን ዋና ቃል ብቻ ይሆናል። ዘመናዊ ስልኮች ይህን አገልግሎት ከነተገጠመላቸው ይመጣሉ።

የኋላ በር

የፊት በሩ ምን ያህል ቢጠነክር «የይለፍ ቃል ረሱ?» የሚለው ሐረግ የኋላ በር ነው። ይህ በር የሚከፈተው በኢሜይል ወይም በስልክ ቁጥር ስለሆነ፣ ከሁሉ ይልቅ የራሱ ልዩ የይለፍ ቃል የሚገባው ኢሜይል ነው። በኢሜይሉ የገባ ሰው የሌሎቹን ሁሉ ቃል እያስለወጠ ሊወርስ ይችላል። የስልክ ቁጥሩ ጉዳይ በተለይ ወደ ውጭ ሀገር የሚሄዱ ዜጎችን ይመለከታል። ለሥራ ወደ ባሕረ ሰላጤው ሀገራት የሄደች ወጣት የኢትዮጵያ ሲም ካርዷን ትታ ብትሄድ፣ ቁጥሩ ለረጅም ጊዜ ሳያገለግል ሲቀር ተዘግቶ ለሌላ ደንበኛ ሊሰጥ ይችላል፤ ኢሜይሏና የባንክ መተግበሪያዋ ግን የማረጋገጫ ኮድ የሚልኩት ወደዚያው ቁጥር ነው። ከመነሣቷ በፊት ቁጥሩን መለወጥ ወይም ሲሙን በሚታመን ቤተሰብ እጅ እያሠሩ ማቆየት ከሻንጣ ማሰናዳቱ እኩል ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ተገልጋዩ በሚያገኝበት ሁሉ ሊበራ ይገባዋል። በሀገራችን እጅግ የተስፋፋው ቴሌግራም ወትሮ የሚከፈተው በአጭር መልእክት በሚላክ ኮድ ብቻ ነው፤ ኮዱን ያገኘ ሰው አካውንቱን ይወስዳል፤ ከዚያም በባለቤቱ ስም ለወዳጅ ዘመድ «ችግር ገጥሞኛል፣ ብር ላኩልኝ» የሚል መልእክት ይሰዳል። በማስተካከያው ውስጥ ያለውን ተጨማሪ የይለፍ ቃል ያበራ ሰው ግን ኮዱ ቢወሰድበትም ሌባው ሁለተኛውን በር አያልፍም።

ኮዱ የሚወሰደው በአብዛኛው በማታለል ነው። «ከባንክ ነው የምንደውለው፣ ሽልማት ደርሶዎታል፣ ወይም አካውንትዎ ሊዘጋ ነው፤ አሁን የደረሰዎትን ቁጥር ይንገሩን» ይላል ደዋዩ። ድምፁ ትሑት ነው፣ የባለቤቱን ስም ያውቃል፣ ያጣድፋል። የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ሆነ ባንክ ወይም የቴሌኮም ድርጅት የይለፍ ቃል፣ የሚስጥር ቁጥርም ሆነ የማረጋገጫ ኮድ በስልክ የሚጠይቅበት ሥራ የለውም። ኮዱ ለሠራተኛው ሳይሆን ለሥርዓቱ የሚሰጥ ነው። ያለፈቃድ በሌላ ሰው ሥርዓት መግባት በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ወንጀል ስለሆነ፣ የተታለለ ሰው ሐፍረት ሳይዘው ለፖሊስ ማመልከት ይችላል፤ የመልእክቱን ቅጂና የደዋዩን ቁጥር ሳያጠፋ መያዙ ለምርመራው ይጠቅማል።

አካውንቱ በሌላ ሰው እጅ መሆኑን የተረዳ ተገልጋይ የእርምጃውን ቅደም ተከተል ማወቁ ጊዜ ያተርፍለታል። በመጀመሪያ ኢሜይሉን ያስመልሳል፦ የተመዘገበውን ስልክ ቁጥር ወደ ራሱ ይለውጣል፣ አዲስ የይለፍ ቃል ያወጣል፣ በሌሎች መሣሪያዎች ላይ ተከፍቶ የቀረውን ሁሉ ይዘጋል። ይህ ካልቀደመ የሌሎቹ አካውንቶች ለውጥ ለያዘው ሰው ማስታወቂያ ከመሆን አያልፍም። ቀጥሎ የባንክና የሞባይል ገንዘብ፣ ከዚያም የንግድ፣ የግብርና የሌሎች አገልግሎቶች አካውንቶች ይከተላሉ። ኢሜይሉን ማስመለስ የማይቻል ከሆነ የፋይዳ ወይም ሌላ ሕጋዊ መታወቂያ፣ ቀደም ሲል የተሰጠውን የማመልከቻ ቁጥርና የክፍያ ደረሰኝ ይዞ አገልግሎቱን ወደሚሰጠው ተቋም በአካል መቅረብና በአካውንቱ ላይ የተመዘገበው ኢሜይልና ስልክ እንዲቀየር በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል። የእድሳት ወይም የግብር ወቅት ከመድረሱ አስቀድሞ ቢሆን ይመረጣል፤ በዚያን ጊዜ መስኮቶቹ ይጨናነቃሉ።